የጤና አዳሙ ሽታ የጠፋበት ጠዋት

እኔ ጽሕፈት ላይ እጄ አይፈጥንም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እናንተም ጊዜ ካላችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። የማወራችሁ የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነገር ነው። ከኪሊማኒ እስከ ትንሹ አየር ማረፊያ፣ መንገዱ ጭር ካለ ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ጉዞ። ናይሮቢ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ፤ እንደዚያች ሃያ ደቂቃ የረዘመብኝ መንገድ ግን የለም።

መጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

ናይሮቢ የገባሁት በሞያሌ በኩል ነው፣ በጎልማሳነቴ። መጀመሪያ ጋራዥ ውስጥ ዘይት ስቀይር ኖርኩ። ከዚያ ማታቱ ነዳሁ፤ እዚህ አገር ሚኒባስ ታክሲውን እንደዚያ ነው የሚሉት። ካረጀሁ በኋላ መኪና ከነሾፌሩ የሚያከራይ አንድ ድርጅት ወሰደኝ። የምናመላልሰው የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤት ወዳለበት ጊጊሪ ለስብሰባ የሚመጡትን የውጭ ሰዎች ነው። ሥራው ደንብ አለው። ከኋላ የተቀመጠው ሰው የሚያወራውን አትሰማም፤ ካልጠየቀህ አትናገርም፤ ቁም ካላለህ አታቆምም። ብዙ ሾፌር በዚህ ደንብ ይቸገራል። እኔ አልተቸገርኩም፣ ተፈጥሮዬም ዝምታ ነው። አለቃዬ ትልቅ ሰው ሲመጣ ምዜ በቀለን ላኩ ይል ነበር። ምዜ ማለት ሽማግሌ ማለት ነው፤ ኬንያዎቹ አክብረው ሲጠሩ ነው።

ይኸው ዝምታዬ ሌላ ሹመትም አምጥቶልኛል። ካዋንግዌር አካባቢ ያለን ኢትዮጵያውያን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አንድ እድር አለን። እኔ ሰብሳቢው ነኝ። የመረጡኝ አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። ከማንም ስለማልጣላ ነው። አንዱ ይሁን ሲል፣ ሌላው ይቅር ሲል፣ እኔ ሁለቱንም አዎ እያልኩ ሰዓቱን አሳልፋለሁ። ሰውም ይህንን ትዕግሥት ብሎ ጠራልኝ፤ እኔም አመንኩ።

እንግዲህ ያ ወረርሽኝ ናይሮቢ ገባ በተባለ በሁለተኛው ሳምንት ከእድራችን ሰው ሞተ። ደስታ ይባላል፣ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ጓደኛዬም ነበር። ስኳር ነበረበት። ሳል በረታበትና ሐኪም ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ቤተሰቡ ልቡ ነው አሉ፣ ማናችንም አልጠየቅንም። መንግሥት ስብሰባ፣ ሠርግ፣ ቀብር ላይ መታደም ከልክሏል። ብርቄ እቤቴ መጣች። ብርቄን ልንገራችሁ፤ ለቅሶ ቤት ጓዳውን የምትይዘው እሷ ናት። ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ማን ቡና እንደሚያፈላ፣ ማን ሐዘንተኛዋን ደግፎ እንደሚያስቀምጥ የምታዘው እሷ ናት። ቆማ ጠየቀችኝ። ለቅሶው እንዴት ይሁን?

ሚስቴ አስካለ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ይቅር በል፣ አንተ ካልህ ይቀራል አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ ካልኩ ይቀር ነበር። እኔ ግን የደስታን ሚስት ለብቻዋ ተቀምጣ አሰብኳት። ሰው ደግሞ ምን ይለኛል አልኩ በልቤ። «እንግዲህ ለቅሶ ነው፣ ምን ይደረጋል» አልኩ። ልብ በሉ፣ ይሁን አላልኩም። ይቅርም አላልኩም። ብርቄ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እሑድ ቤቱ ሞላ። አለቀስን፣ ተቃቀፍን፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን። በርቀት ማልቀስ የሚችል ሰው በመካከላችን አልነበረም። የደስታ ወንድም ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ አንገቴ በእንባው ረጠበ።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ አንዲት ሚኒስትር እንድነዳ ተላክሁ።

የአገራቸውን ስም አልጽፍም። ትንሽ የደሴት አገር ናት፣ ስሟን ከጻፍኩ ሴትየዋን የማያውቅ አይኖርም። ሐኪም ናቸው፣ የጤና ሚኒስትር ነበሩ። እንደሳቸው ያሉ የትናንሽ ደሴት አገሮች ሰዎች፣ አራት አገር ሆነው፣ ስለ በሽታው ሊመካከሩ መጥተው ሳሉ ሰማዩ እየተዘጋ ያዛቸው። ባጠቃላይ ስድስት ናቸው። የሚያድሩት ኪሊማኒ፣ የሚሰበሰቡት ጊጊሪ ነው። አያታቸው ከስዋሂሊ ጠረፍ ናቸውና የአያታቸውን ስዋሂሊ ይናገራሉ፤ እኔም የጋራዥ ስዋሂሊ እናገራለሁ፣ ተግባባን። እሳቸው ምዜ ይሉኛል፣ እኔ ማማ እላቸዋለሁ።

የሆቴሉ በር ላይ በየጠዋቱ ዘበኛው ያቺን ሽጉጥ የመሰለች የሙቀት መለኪያ ግንባራችን ላይ ይደግንና ወረቀት ያስሞላናል። እንግሊዝኛውን ማንበብ ስለማልችል በስዋሂሊ ያነብልኝ ነበር። ሳል አለህ? የለም። ትኩሳት? የለም። ባለፈው ሁለት ሳምንት ስብሰባ፣ ሠርግ ወይም ቀብር ላይ ተገኝተሃል? የለም አልኩ። ሰኞም የለም፣ ማክሰኞም የለም። አምስት ቀን ሙሉ የለም ብዬ ፈረምኩ። አለ ካልኩ ሥራው ይሄዳል። ደግሞም ማን ያውቃል ብዬ ነው።

መኪናዬ ውስጥ የአንድ ነገር ልማድ አለኝ። በራፌ ላይ በቆርቆሮ የተከልኩት ጤና አዳም አለ። ከሱ በየጠዋቱ አንድ ቀንበጥ ቆርጬ፣ አፉ በተቆረጠ የውሃ ላስቲክ ውስጥ አድርጌ ከማርሹ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። እናቴ መንገደኛ ከሆነ ሰው ኪስ አታጣው ነበር፤ ለማቅለሽለሽም ይሆናል፣ ለክፉ ዓይንም ይሆናል እያለች። ሚኒስትሯ ሰኞ ገና እንደገቡ ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱና ይህ የሚሸት ነገር ምንድን ነው አሉ። ነገርኳቸው። ቀንበጡን ወስደው አሸተቱና ሳቁ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ በሩን ሲከፍቱ አንዴ ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ «ቅጠላችን አለች» ይላሉ፣ ከዚያ ነው ስልካቸውን የሚያነሱት።

የስልኩን ወሬ አልሰማም ብዬ ብነግራችሁ እዋሻለሁ። አንድ ትልቅ የቱሪስት መርከብ ወደ ደሴታቸው እየመጣ ነበር። መርከቡ ላይ በሽተኛ አለ ይባላል፣ የለም ይባላል። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይግባ፣ አገራችን የምትኖረው በቱሪስት ነው ይላሉ። እሳቸው አይገባም ይላሉ። ሰኞ ካቢኔው ይወስናል፣ እሳቸው ከሌሉ መርከቡ ይገባል። አንድ ቀን ያያ ማዕከል በሚባለው የገበያ ሕንፃ አጠገብ ስናልፍ በጣታቸው አሳዩኝና የአገሬ ሐኪም ቤት ከዚህ ሱቅ አንዱን ፎቅ አይሞላም አሉኝ። የሞተውን ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ፣ ከግማሹ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት አሉ። እድሬን አስታወሱኝ። አልተናገርኩም እንጂ።

ዓርብ ማታ አስካለ ወጥ አቀረበችልኝ። ምንም አይልም። ጨው ረሳሽ አልኳት። ጨውም በርበሬም አልረሳሁም፣ አፍህን ምን ነካው ብላ ተቆጣች። ደክሞኝ ነው ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ስድስቱን የሚወስድ ትንሽ የተከራዩት አውሮፕላን ቀርቧል። እንደ ማታቱ ነው፤ ከደሴት ደሴት እየዞረ ሰው ያራግፋል። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይዘጋል። የመጨረሻው ነው። ሌሎቹ በሌላ መኪና ቀድመው ሄደዋል። ዘበኛው መሰናበቻ ነው ብሎ ወረቀት አላስሞላንም። ሚኒስትሯ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ፣ በሩን ከፈትኩላቸው፣ ጭምብላቸውን አወረዱ፣ ተቀመጡ። ንጎንግ መንገድ ጭር ብሏል። አንድ ማታቱ ግማሽ ሰው ጭኖ አለፈን።

ትንሽ እንደሄድን በመስታወቱ አየሁዋቸው፣ እሳቸውም አዩኝ።

«ምዜ፣ ዛሬ ቅጠላችንን ረሷት?»

ወደ ማርሹ ተመለከትኩ። ቀንበጡ እዚያው ነው። እንዲያውም የመሰናበቻ ነው ብዬ የዚያን ቀን ትልቅ አድርጌ ነበር የቆረጥኩት፣ ጠል እንኳ አልጠፋበትም። አለች ማማ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በግራ እጄ ቅጠሉን አሸሁት። አጥብቄ አሸሁት፤ ጭማቂው ጣቶቼን አረጠባቸው። እጄን ወደ አፍንጫዬ አመጣሁ።

ምንም የለም። ውሃ ያሸተትኩ ነው የመሰለኝ።

ሰሞኑን ሬዲዮ ላይ አንዲት ሐኪም ሽታ የጠፋበት፣ ጣዕም የጠፋበት ሰው ትኩሳት ባይኖረውም ይጠርጠር ስትል ሰምቼ ነበር። አዳመጥኩ፣ ረሳሁት። አሁን የአስካለ ወጥ መጣብኝ። አንገቴ ላይ የነበረው የደስታ ወንድም እንባ መጣብኝ። አምስቱ የፈረምኩባቸው ወረቀቶች መጡብኝ። አምስት ቀን ሙሉ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ አንድ አየር ስንተነፍስ ሰንብተናል።

«ረስቻት ነው» አልኩ።

እንደዚህ ነው ያልኩት። አልደብቃችሁም። አፌ ከልማዱ ወጥቶ መናገር አልቻለም። እሳቸውም ግድ የለም ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ወደ ምባጋቲ መንገድ ታጠፍኩ። እያንዳንዱን መብራት ቀይ ሁን እያልኩ እለምናለሁ፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆነብኝ። በልቤ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ሐኪም አይደለህም። አውሮፕላኑ ላይ ይመረመሩ ይሆናል። ብትናገር ሥራህ ሄደ፣ ስምህ ሄደ፤ የእድሩ ሰብሳቢ ሚኒስትር አሳመመ ሊባል ነው። ከዚያ ደግሞ ያቺ አንዱን ፎቅ የማትሞላ ሐኪም ቤት ትታየኛለች። አውሮፕላኑ ሲያርፍ፣ ሊቀበሉ የመጡት ሲያቅፏቸው ይታየኛል። የትም አገር ቢሆን ሰው የናፈቀውን ሲቀበል ያቅፋል። አንድ ደሴት፣ ሁለተኛ ደሴት፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። እኔው ነኝ እየዞርኩ የማራግፈው።

አንድ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ስንደርስ ፍሬቻ አሳይቼ ወደ ዳር ወጣሁና ቆምኩ። ማንም ሳያዘኝ መኪና ሳቆም ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ምነው ምዜ፣ ጎማ ነው?»

«ጎማ አይደለም ማማ።» አልዞርኩም፤ መሪውን ይዤ ወደ ፊት እያየሁ ነው የተናገርኩት። «ቅጠሉን አልረሳሁትም። ይኸው አለ። እርስዎም አልሸተተዎትም፣ እኔም አልሸተተኝም።»

ቀጠልኩ። እሑድ ለቅሶ ቤት እንደነበርኩ፣ የሞተው ሰው ያስለው እንደነበር፣ ሰውን ሁሉ እንዳቀፍኩ፣ ወረቀቱ ላይ አምስት ጊዜ እንደዋሸሁ ተናገርኩ። ቀብር ከተከለከለ ለቅሶውን ማን ፈቀደ ብለው ጠየቁኝ። «እኔ» አልኩ። «የእድሩ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። አልፈቀድኩም፣ ግን አልከለከልኩም።»

እድር ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝን ማኅበር ነው አልኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ የቦርሳቸው ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል አንድ ነገር ዘረጉልኝ። የክኒን ማሸጊያ ነው። ከሁለት ፍሬ በቀር ባዶ ነው።

«ከሐሙስ ጀምሮ ነው» አሉ። «ከሆቴል ከመውጣቴ በፊት እውጥና ትኩሳቱ ይወርዳል። ዘበኛው ሲለካኝ ምንም የለም። እኔም ወረቀቱ ላይ የለም ብያለሁ፣ ምዜ። ድካም ነው እያልኩ።»

ያኔ ዞርኩ። ፊታቸው አብቷል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። አምስት ቀን ሙሉ በመስታወት ብቻ ነበር የማያቸው፤ በቀጥታ ሳያቸው ሌላ ሰው መሰሉኝ።

ያስያዙኝ እርስዎ ላይሆኑ ይችላሉ፣ ሌላ ቦታ ይዞኝም ይሆናል አሉኝ። ከዚያ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው መናገር ጀመሩ። ካልሄድኩ መርከቡ ይገባል አሉ። ምክትሉ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፣ ሰዉ ደግሞ ፈርታ ቀረች ይላል። ብሄድ ደግሞ። ቆም አሉና ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«መርከቡ እንዳይገባ ልከልክል ብዬ ስሄድ፣ መርከቡ እኔው ልሆን ነው።»

ከዚያ በኋላ ሲናገሩ ድምፃቸው ተስተካክሎ ነበር። ሌሎቹ ሳይሳፈሩ እንድረስ፣ ይንዱ አሉኝ። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ነዳሁ። እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ነድቼ አላውቅም።

አምስቱ ከአውሮፕላን ማቆሚያው ወዲህ፣ ሻንጣቸው አጠገብ ቆመዋል። ሚኒስትሯ ከመኪናው ወርደው አልተጠጉም፤ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። መኪናው ውስጥ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። ትኩሳት አለብኝ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ደብቄአችኋለሁ፣ ከእናንተ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ስበላ ነው የሰነበትኩት፣ ስለዚህ ማናችንም መሳፈር የለብንም አሉ። ከመካከላቸው አንድ ረጅም ሰው አለ፣ የሌላው ደሴት ሚኒስትር። እሱ ነው መጀመሪያ የተናገረው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ቢሆንም ይህን ለመረዳት ትምህርት አይፈልግም።

ያንቺ ትኩሳት ያንቺ ነው፣ ተቀመጪና እኛ እንሂድ አለ። በየቴሌቪዥኑ ወደብ ዝጉ፣ በር ዝጉ እያልሽ ስትመክሪን አልነበረም ወይ አለ።

«አዎ» አሉ። «አሁንም የምላችሁ ያንኑ ነው።»

ለመሆኑ ከየት አመጣሽው አለ። እጄ የመኪናው በር ላይ ነበር። የሾፌሬ እድር ነው ቢሉ ኖሮ ነገሩ ለሳቸው ይቀል ነበር፤ ቁጣው ሁሉ ወደ እኔ ይዞር ነበር። እሳቸው ወደ መኪናው እንኳ አላዩም።

«የት እንደያዘኝ አላውቅም» አሉ። «የደበቅሁት ግን እኔ ነኝ።»

እኔም በሩን አልከፈትኩም። ብዙ ጊዜ አስባታለሁ፣ ያችን ደቂቃ። ወርጄ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አልወረድኩም። ክርክራቸውን የቆረጠው ፓይለቱ ነው። አንድ ጎልማሳ ኬንያዊ፣ እጁን አጣጥፎ ሲሰማ ቆይቶ፣ እኔ ሚስትና ልጆች አሉኝ፣ ሳትመረመሩ ማንም ደረጃዬን አይረግጥም አለና ደረጃውን አጠፈው። ረጅሙ ሰውዬ ሻንጣውን በእግሩ ገፋው።

እነሱ ወዴት እንደሚገቡ ሲመካከሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በማግሥቱ እሑድ የደስታ ሰባት ነው። ሰው ሁሉ እንደገና ሊመጣ ነው። ስልኬን አወጣሁና ብርቄ ጋ ደወልኩ። ከበስተጀርባዋ ሽንኩርት ሲቆላ ይሰማል።

«ብርቄ፣ የነገው ቀርቷል።»

«ምኑ ነው የቀረው? ሽንኩርቱን ጨርሼ?»

«ሰባቱ። ማንም እንዳይመጣ። ያለፈው እሑድ የመጡት ሁሉ ከቤታቸው አይውጡ፣ ይመርመሩ። እኔ ይዞኛል። ደስታም የሞተው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።»

ከዚያ ሳለች። ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ ሳል።

«ሰው ምን ይለናል፣ ሰብሳቢው?»

«እኔን ይበለኝ። በቀለ ከለከለ በይ።»

«ዛሬ ደግሞ መከልከል ቻልህ» አለች። ቀልዷ ነበር። የሽንኩርቱን እሳት ስታጠፋ ሰማሁ። ቀጥላ እያንዳንዱን ቤት የደወለችው እሷ ናት፤ እኔ ስም ዝርዝሩን እንኳ አልያዝኩም ነበር፣ እሷ በቃሏ ታውቀዋለች።

ላቪንግተን ውስጥ ግቢው ሰፊ የሆነ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ተፈለገና ስድስቱ ገቡ። እኔም አብሬ ተዘጋሁ፤ ከኋላ ያለችውን፣ ኤስ ኪው የሚሏትን የሠራተኛ ክፍል ሰጡኝ። ምርመራው መጣ። ሚኒስትሯን ይዟቸዋል፤ እኔን ይዞኛል፤ ረጅሙን ሰውዬም ይዞታል። የሱ ከሁላችን የከፋ ነበር፣ ኦክስጅን ላይ ሰንብቶ ነው የተረፈው። አንድ ቀን ደህና ከሆነ በኋላ ከበረንዳው ሆኖ ሚኒስትሯን ያረጁ ወላጆች አሉኝ፣ ከኔ ጋር ነው የሚኖሩት አላቸው። አስካለንም ይዟት ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ቀለል አለላት። በስልክ መጀመሪያ የተናገረችኝ ጨው አልረሳሁም ብዬህ ነበር የሚለውን ነው።

ሚኒስትሯ ሰኞ ከግቢው ዛፍ ሥር ወንበር አስወጥተው፣ በስልክ ለካቢኔያቸው፣ ከዚያም ለአገራቸው ሬዲዮ ተናገሩ። ለመርከቡ መግባት ወይም አለመግባት አልተከራከሩም። ትኩሳቴን ደብቄ ላመጣላችሁ ነበር፣ እኔ ሐኪሟ እንዲህ ካደረግሁ ነጋዴው ምን ያደርጋል አስቡት አሉ። ካቢኔው ግን መርከቡ ይግባ ብሎ ወሰነ። መርከቡም ወደቡ ድረስ መጣ። የወደቡ ሠራተኞች ሬዲዮውን ሰምተው ነበርና የሚወረወርላቸውን ገመድ ሳይዙ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ገመድ የሚይዝ ከሌለ መርከብ አይታሰርም። ግማሽ ቀን ቆሞ ተመለሰ። ይህን ሲነግሩኝ ሳቁና ወዲያው ማልቀስ ጀመሩ።

በየጠዋቱ አንድ ነገር ነበረን። አስካለ የላከችልኝን ጤና አዳም ለሁለት ከፍዬ አንዱን በራቸው ላይ አኖርላቸው ነበር። እሳቸው ከበረንዳው፣ እኔ ከክፍሌ ደጃፍ ሆነን እናሸዋለን። «ዛሬስ?» ይሉኛል። «ገና ነው» እላለሁ። እርስዎስ እላለሁ። ገና ነው ይላሉ። አንድ ጠዋት ቀድመው አልጠየቁኝም። አየሁዋቸው፤ ቅጠሉን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔም አሸሁ። በጣም ከሩቅ፣ ከሌላ ሰው ቤት የሚመጣ ይመስል፣ ሸተተኝ።

ደስ ብሎኝ ስልኬን ሳነሳ የደረሰኝ ወሬ ብርቄ ማረፏ ነው።

ቀብሯ ላይ ከአምስት ሰው በላይ አልተፈቀደም። ሠላሳ ዓመት የሌላውን ሐዘን ስታስተናግድ የኖረች ሴት ያለ ለቅሶ ተቀበረች። እኔ ግቢው ውስጥ ተዘግቼ ነበር።

ወራት ካለፉ በኋላ እድሩ በአንድ ሜዳ ላይ ወንበር አራርቆ ተሰበሰበ። ተነሣሁ። በሕይወቴ ረጅሙ ንግግሬ ያ ነው። ለቅሶው ላይ ይቅር ማለት እችል እንደነበር፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አፌን እንደያዝኩ፣ ወረቀት ላይ እንደዋሸሁ፣ ሌላ ሰው የኔን ጥፋት ሲሸከም መኪና ውስጥ ተቀምጬ እንዳየሁ ሁሉንም ተናገርኩና ሰብሳቢነቱን እንዲወስዱልኝ ጠየቅሁ። ከፊሉ ራሱን ነቀነቀ፣ ከፊሉ ሁላችንም ነን ያጠፋነው አለ። የብርቄ ልጅ ሠናይት ከኋላ ተነሣች። አልተቆጣችም።

«እናቴ የዚያን ቀን ሽንኩርቱን ጥላ ስልክ ስትደውል ነው የዋለችው» አለች። «ማታ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ። በቀለ መከልከል የሚችል ከነበረ፣ ለምን ባለፈው እሑድ አልከለከለም አለችኝ። መልሱን አላውቀውም አልኳት፣ ጋሼ። አሁንም አላውቀውም።»

ተቀመጠች። ሰብሳቢነቱን ግን አልወሰዱልኝም። ሠናይትም ይቀጥል ብላ እጇን አወጣች። ለምን እንዳወጣች እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ወገኖቼ፣ እኔ ደሴቶችን አዳንኩ ልላችሁ አይደለም ይህን የጻፍኩት። በሽታው በኋላ እዚያም ገብቷል፤ ዘግይቶ ገባ፣ ክትባት ሲደርስ ገባ፣ ግን ገብቷል። ሚኒስትሯም ሥልጣናቸውን አጡ። የአገራቸው ሰዎች ዋሽታናለች ብለው ነው፣ እውነቱን የሰሙት ከሳቸው አፍ መሆኑን ረስተው። አሁን ነርሶችን ያስተምራሉ። በስልክ ሲነግሩኝ አላዘኑም፤ ቢሆንም ገመዱ አልተያዘም ምዜ አሉኝ።

ስለ መሪዎች ሲወራ ሁላችንም ወደ ላይ ነው የምናየው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ አገር የሚዘጋውና የሚከፍተው እዚያ ያለው ሰው ነው እል ነበር። አሁን ቴሌቪዥን ላይ መሪ ሲናገር ሳይ፣ ከሱ ይልቅ የማስበው ስለዚያች ቃሌ ነው፤ እንግዲህ ለቅሶ ነው፣ ምን ይደረጋል። አርባ ቤት የሚሰማው ሰው ነበርኩ፤ አርባ ቤት የሰማው ግን ምንም ያልወሰነ አፍ ነው። እናንተም ምናልባት አንድ ቤት የሚሰማችሁ፣ ወይም አንድ ሰው ብቻ የሚሰማችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የምትሉት ነገር ካለ፣ ሰዓቱ ሳያልፍ በሉት።

መንዳት አቁሜአለሁ። ጤና አዳሙ ግን እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ አለ። በየጠዋቱ ወጥቼ አንድ ቅጠል አሸዋለሁ። ይሸተኛል፣ ተመስገን። ሽታው ሲመጣ ሁልጊዜ የብርቄ ጥያቄ አብሮት ይመጣል። ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ እጄን አፍንጫዬ ላይ ይዤ፣ መልሱን እፈልጋለሁ። ፈርቼ ነው እላታለሁ። እሷም፣ ብርቄን አውቃታለሁ፣ ማንን ፈርተህ ነው ትለኛለች።